ከመፍታት በፊት መመርመር፤ ስለ አሮጌ መኪና ፍሪሲዮን

ሰው በታመመ ጊዜ ሐኪም አስቀድሞ የሚጠይቀው የሚያመው ከየት እንደ ሆነና ከመቼ ጀምሮ እንደ ሆነ ነው እንጂ ገላውን በስለት ለመክፈት አይቸኩልም። በመኪና ላይ ግን ብዙ ጊዜ የሚደረገው የዚህ ተቃራኒ ነው። ማርሹ አልገባ ያለ እንደ ሆነ ወዲያው ካምቢዮው ይወርዳል፤ ካምቢዮው ከወረደ ዘንድ ሸራውም ኩሽኔታውም አብሮ ይለወጥ ይባላል፤ ብዙ ገንዘብ ይወጣል፤ መኪናው ተገጥሞ ሲነሣ ግን ማርሹ እንደ ቀድሞው እንቢ ይላል። ጉድለቱ የነበረው በካምቢዮው ውስጥ ሳይሆን ከሁሉ በምታንስ በአንዲት የጎማ ቆብ ላይ ነበርና። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» እንደ ተባለ፣ በሽታውን ሳያውቅ መድኃኒት የሚገዛም ሰው ከኪሱ በቀር የሚቀልለት ነገር የለም።

ይህን ነገር በቤተ ሰብ ገጽ ላይ ማንሣታችን ያለ ምክንያት አይደለም። በዲላና በመላው የጌዴኦ ዞን አንድ አሮጌ ላንድ ክሩዘር ወይም አንድ አሮጌ አይሱዙ ለብዙ ቤት የእርሻ በሬ ማለት ነው። የልጆች የትምህርት ወጪና የቤት ቀለብ ከእርሱ ይወጣል። ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው የቡና ለቀማ ወራት ደግሞ የመኪና ቀን የወርቅ ቀን ነው። እሸት ቡና በተለቀመበት ቀን ከመፈልፈያው ካልደረሰ በጆንያው ውስጥ ይሞቃል፤ ይኮመጥጣል፤ ዋጋውም ይወድቃል። ስለዚህ አንዲት የጎማ ቆብ በለቀማ መካከል የተበላሸች እንደ ሆነ የሚጎዳው ባለ መኪናው ብቻ አይደለም፤ ገበሬውም፣ ለቃሚዋም፣ ጆንያ ተሸካሚውም አብረው ይጎዳሉ።

አገሩም ለፍሪሲዮን የሚራራ አይደለም። ከአዲስ አበባ በሐዋሳ በኩል ወደ ሞያሌ የሚወርደው ታላቅ መንገድ 360 ኪሎ ሜትር ገደማ ከሄደ በኋላ ዲላን ያገኛል፤ ከዚያም ወናጎንና ይርጋ ጨፌን አልፎ ወደ ደቡብ ይቀጥላል። ከዚህ መንገድ ወጥቶ ወደ ቡሌ ደጋ ወይም ወደ ቡናው ቀበሌ የገባ ነጂ ግን ዳገቱን ወጥቼ ጨረስሁ ሲል ሌላ ዳገት ይጠብቀዋል። ቡናው ከእንሰቱ ጋር በትላልቅ ዛፎች ጥላ ሥር የሚበቅልበት ይህ ተዳፋት ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ተጽፏል። ለዓይን ያማረው ተዳፋት ግን ለነጂው ግራ እግር ሥራ ያበዛል።

ሌላም ምክንያት አለ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ከውጭ በሚገቡ አሮጌ መኪኖች ላይ ከባድ ቀረጥ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የቤንዚንና የናፍጣ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተወሰነ። እንግዲህ በእጅ ያለውን አሮጌ መኪና ጠግኖ ማቆየት ለብዙ ቤተ ሰብ የቤት አስተዳደር ክፍል ሆኗል ማለት ነው።

ወደ ነገሩ ስንገባ አስቀድመን ፍሪሲዮን እንዴት እንደሚሠራ በአጭሩ እንናገር። የመጀመሪያው አውቶሞቢል በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በ1900 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከገባ ወዲህ የመኪና ሥራ ቋንቋ አብዛኛውን ቃሉን ከጣልያን ተበድሯል። ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ማርሽ፣ ፍሬን፣ ኩሽኔታ፣ ቪቴ የምንላቸው ሁሉ ከዚያው የመጡ ናቸው። ፍሪሲዮን የሞተሩን ጉልበት ከካምቢዮው ጋር የሚያገናኝና የሚለያይ ክፍል ነው። ሸራው በሞተሩ ቮላኖ ላይ ተጣብቆ ሳለ ጉልበት ወደ ጎማው ይሄዳል፤ ነጂው ፔዳሉን ሲረግጥ ሸራው ይላቀቃል፤ ያን ጊዜ ማርሹ በሰላም ይገባል።

ፔዳሉ ሸራውን የሚያላቅቅበት መንገድ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ በሽቦ ገመድ የሚጎተት ነው፤ አሮጌው ትንሹ ቮልስዋገን እንዲህ ያለ ነው። ሁለተኛው ዛሬ የምንናገርለት፣ በዘይት የሚሠራው ነው። ላንድ ሮቨር እ.ኤ.አ. በ1958 ባወጣው በሁለተኛው ዓይነት መኪናው ላይ ይህን ሥርዓት አድርጓል፤ ላንድ ክሩዘርና አይሱዙም እንዲሁ ናቸው። ይህም በሁለት ፖምፓ ይከናወናል። የላይኛው ፖምፓ ከፔዳሉ ፊት ለፊት፣ በሞተሩና በነጂው ክፍል መካከል ባለው ግድግዳ ላይ ይገኛል። የታችኛው በብዙ አሮጌ መኪኖች ከካምቢዮው ጎን በውጭ ታስሯል። በሁለቱ መካከል ዘይት የሞላበት ቀጭን ቱቦ ይዘረጋል። ፔዳሉ ሲረገጥ የላይኛው ፖምፓ ዘይቱን ይገፋል፤ የተገፋው ዘይት የታችኛውን ፖምፓ ዘንግ ወደ ውጭ ያወጣል፤ ዘንጉም ፎርኬታ የሚባለውን ሹካ ገፍቶ ሸራውን ያላቅቃል። በተዘጋ ዕቃ ውስጥ ያለ ፈሳሽ በአንድ ወገን የተጫነበትን ኃይል በሁሉም ወገን እንደሚያደርስ የፈረንሳዩ ሊቅ ብሌዝ ፓስካል በ17ኛው መቶ ዓመት አስረድቷል። ይህ የሚሆነው ግን ፈሳሹ ሲጫኑት የማይጨበጥ ስለ ሆነ ነው። አየር ከዘይቱ መካከል የገባ እንደ ሆነ አየሩ እንደ ስፖንጅ ይጨበጣል፤ የእግር ኃይልም በመንገድ ይቀራል።

አሁን ወደ ምርመራው እንምጣ። መጀመሪያ ሁለቱን በሽታዎች መለየት ያሻል። ፔዳሉ ተረግጦ ሳለ ማርሹ እየጮኸ የሚገባ፣ በተለይ የኋላ ማርሽ የሚንቋቋ፣ ወይም ፔዳሉ እስከ ወለሉ ተረግጦም መኪናው ወደ ፊት ልሂድ የሚል እንደ ሆነ፣ ፍሪሲዮኑ አልላቀቅም ብሏል ማለት ነው። በአንጻሩ ዳገት ላይ ሞተሩ እየጮኸ መኪናው የማይፈጥን፣ የሚቃጠልም ሽታ የሚሸት እንደ ሆነ፣ ሸራው እየተንሸራተተ ነው። የሚንሸራተት ፍሪሲዮን አብዛኛውን ጊዜ ሸራው ማለቁን ይናገራል። የማይላቀቅ ፍሪሲዮን ግን ብዙ ጊዜ የዘይቱን መንገድ ይከሳልና፣ አስቀድሞ ሊመረመር የሚገባው ይኸው ነው።

የመጀመሪያው ምርመራ የዘይቱን ቋት ከፍቶ ማየት ነው፤ ለዚህም አንድ ሳንቲም አይወጣም። እዚህ ላይ አንባቢዎቻችን አንድ ነገር በልባቸው እንዲያኖሩ እንለምናለን። የፍሬን ሸራ እያለቀ ሲሄድ የፍሬኑ ዘይት በቋቱ ውስጥ በጥቂቱ ዝቅ ይላል፤ ይህ የተፈጥሮ ነገር ነው። የፍሪሲዮን ግን ከዚህ የተለየ ነው። በአብዛኞቹ መኪኖች የፍሪሲዮን ሸራ ሲያልቅ የታችኛው ፖምፓ ወደ ውስጥ ስለሚመለስ ዘይቱ ጥቂት ከፍ ይላል እንጂ አይቀንስም። ስለዚህ የፍሪሲዮን ዘይት ጎደለ ማለት ፈሰሰ ማለት ነው፤ ሌላ ትርጓሜ የለውም። በየሳምንቱ ዘይት እየጨመረ የሚሄድ ሰው በሽታውን እየመገበ ይሄዳል። ነገሩ እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ ነው፤ ዛሬ በሁለት ርግጫ የገባው ማርሽ ነገ በአምስት ይገባል፤ ከነገ ወዲያ በዳገት መካከል ፈጽሞ እንቢ ይላል።

ሁለተኛው ምርመራ የፈሰሰበትን ቦታ መፈለግ ነው። ሞተሩ ይጥፋ፤ የእጅ ፍሬኑ ይያዝ፤ ማርሹ ከመካከል ይሁን፤ ከጎማው ፊትና ኋላ ታኮ ይደረግ። ማንም ሰው በክሪክ ብቻ ከተነሣ መኪና በታች እንዳይገባ አጥብቀን እናሳስባለን፤ ክሪክ ዕቃ ማንሻ ነው እንጂ የሰው ሕይወት ማስያዣ አይደለም። ከዚህ በኋላ በእጅ ባትሪ ሦስት ስፍራ ይታያል። አንደኛው በነጂው እግር አጠገብ የፔዳሉ ዘንግ ወደ ላይኛው ፖምፓ የሚገባበት ነው፤ ግድግዳው የራሰ ወይም ቀለሙ የተላጠ እንደ ሆነ የላይኛው ፖምፓ ጎማ አልፏል። ሁለተኛው የታችኛው ፖምፓ ነው፤ በጫፉ ላይ ያለውን የአቧራ መከላከያ ጎማ ገለጥ ሲያደርጉት ዘይት ከወጣ ጥፋቱ ከዚያ ነው። ሦስተኛው ቱቦውና ቱቦው የሚታሰርባቸው ዳዶዎች ናቸው።

ሦስተኛው ምርመራ የሁሉም ዳኛ ነው፤ ሁለት ሰውም ይፈልጋል። አንዱ ሞተሩ እንደ ጠፋ ፔዳሉን ቀስ ብሎ እስከ ወለሉ ይረግጣል፤ ሌላው የታችኛውን ፖምፓ ዘንግ ይመለከታል። ዘንጉ በብዙ መኪኖች ከ1 ሳንቲ ሜትር በላይ ሊሄድ ይገባዋል። ጥቂት ብቻ የሄደ ወይም ከቶ ያልተንቀሳቀሰ እንደ ሆነ ጥፋቱ በዘይቱ መንገድ ውስጥ ነውና፣ ካምቢዮ የሚወርድበት ምክንያት ገና አልተገኘም። ዘንጉ በሙሉ ሄዶ ፎርኬታውን እየገፋ ፍሪሲዮኑ ያልተላቀቀ እንደ ሆነ ግን ጥፋቱ ውስጥ ነው፤ ያን ጊዜ ካምቢዮው ቢወርድ ተገቢ ነው። መኪናውን ወደ ጋራዥ የሚወስድ ሰው መካኒኩን በትሕትና፣ «ካምቢዮውን ከማውረድዎ በፊት የታችኛው ፖምፓ ዘንግ ምን ያህል እንደሚሄድ እባክዎ ያሳዩን» ብሎ ቢጠይቅ፣ ሥራውን የሚያውቅ ባለሙያ አይቀየምም፤ ደስ ይለዋል እንጂ።

ዘይት ሳይፈስና ሳይጎድል ፔዳሉ የሚከዳበት ጊዜም አለ። ፔዳሉን አከታትለው ሦስት አራት ጊዜ ሲረግጡት የሚጠነክርና ማርሹ የሚገባ እንደ ሆነ አየር ገብቷል ወይም የፖምፓው ጎማ ደክሟል። ከጠነከረ በኋላ እግር ሳይነሣ ቀስ በቀስ ወደ ወለሉ የሚሰምጥ፣ በውጭም ምንም የማይፈስ እንደ ሆነ፣ በላይኛው ፖምፓ ውስጥ ዘይቱ በጎማው ጎን እያመለጠ ወደ ኋላው ይመለሳል ማለት ነው። አሮጌ የጎማ ቱቦም ሲረገጥ እንደ ፊኛ የሚነፋ እንደ ሆነ ኃይሉን ይበላል፤ ውስጡ አብጦ የጠበበ እንደ ሆነ ደግሞ ፔዳሉ ወደ ላይ ለመመለስ ይዘገያል።

ጥፋቱ ከታወቀ በኋላ ጥገናው ቀላል ነው። ፖምፓው ተፈትቶ ይጸዳል፤ የሚጸዳውም በንጹሕ የፍሬን ዘይት ወይም በአልኮል ነው እንጂ በቤንዚን ወይም በናፍጣ አይደለም፤ እነዚህ ጎማውን ያሳብጡታልና። የፖምፓው ውስጥ እንደ መስተዋት ለስላሳ ከሆነ ጎማውን ብቻ መለወጥ ይበቃል። ዝገት የበላው ወይም የተጫረ ከሆነ ግን አዲስ ጎማ ቢገባበትም ከጥቂት ጊዜ በኋላ ያፈሳልና ሙሉውን ፖምፓ መለወጥ ይሻላል። ጎማው ሲገባ ከንፈሩ ዘይቱ ወዳለበት ወገን ይዞር፤ በግራሶ ሳይሆን በፍሬን ዘይት ይራስ። የላይኛውና የታችኛው ፖምፓ በአንድ ዘመን የተሠሩ እንደ ሆነ አንዱ ሲደክም ሌላው አይዘገይምና፣ ሁለቱን አብሮ ማደስ ሁለተኛ ድካምን ያስቀራል።

ስለ ዘይቱም አንድ ቃል እንጨምር። ለእነዚህ መኪኖች የተለመደው ዶት 3 ወይም ዶት 4 የተባለው የፍሬን ዘይት ነው። የሞተር ዘይት በዚህ ስፍራ መርዝ ነው፤ ጎማውን ሁሉ ያበላሻል። ዶት 5 የሚባለውም የሲሊኮን ዘይት ስለ ሆነ ከእነዚህ ጋር አይቀላቀልም። ዶት 3 አዲስ ሳለ የሚፈላው በ205 ዲግሪ ነው። ይህ ዘይት ግን ከአየር ውስጥ እርጥበት ይጠጣል፤ ከመቶ አራት እጅ ያህል ውሃ ሲገባበት የሚፈላበት ልክ ወደ 140 ዲግሪ ይወርዳል፤ ብረቱንም ከውስጥ ያዝገዋል። ዝናብ በሚበዛበት በጌዴኦ ምድር ክዳኑ የላላ ቋት ወይም ለወራት ተከፍቶ የተቀመጠ ጣሳ ለዘይቱ ጠላት ነው። በሁለት ዓመት አንድ ጊዜ ዘይቱን ሙሉ በሙሉ መለወጥ መልካም ልማድ ነው። እጅግ የጠቆረ ዘይት ያየ ሰው ጎማው እየተሰባበረ መሆኑን ይጠርጥር።

የመጨረሻው ሥራ አየሩን ማስወጣት ነው፤ በዚህም ቤተ ሰብ አብሮ ይሠራል። በታችኛው ፖምፓ ላይ ባለችው የአየር ማስወጫ ቪቴ ላይ ቀጭን የላስቲክ ቱቦ ይሰካል፤ ሌላው ጫፉ ጥቂት የፍሬን ዘይት ባለበት ብልቃጥ ውስጥ ይጠመቃል። ቋቱ ይሞላል። አባት ከታች፣ ልጅ ከላይ ቢሆኑ አባትየው «እርገጪ» ይላል፤ ልጅቱም እስከ ወለሉ ረግጣ ይዛ «ረግጫለሁ፣ አባባ» ትላለች። እርሱ ቪቴዋን ሩብ ዙር ያህል ሲፈታት ዘይቱ ከአየሩ ጋር እየተንቦጫረቀ ይወጣል። ቪቴዋን አጥብቆ ሲያበቃ «ልቀቂ» ይላታል። ቪቴው ሳይጠብቅ ፔዳሉ የተለቀቀ እንደ ሆነ አየሩ ተመልሶ ይገባልና፣ ከሁሉ የሚበልጠው ምስጢር በቃል መተባበሩ ነው። በብልቃጡ ውስጥ አረፋ መታየቱ እስኪቀር ድረስ ይህ ይደጋገማል። በየአምስት ርግጫው ቋቱን ማየት ያሻል፤ ባዶ የሆነ እንደ ሆነ ሥራው ሁሉ ከመጀመሪያው ይጀመራል። በብልቃጥ የተጠራቀመው ዘይት ተመልሶ አይፈስስበትም።

አየሩ ከወጣ በኋላ ፔዳሉ የላይኛውን ፖምፓ መግፋት ከመጀመሩ በፊት ጥቂት ነጻ እንቅስቃሴ እንዲኖረው ይስተካከላል። ይህ ነጻነት ከቶ የሌለ እንደ ሆነ ዘይቱ ወደ ቋቱ መመለሻ ያጣል፤ ፍሪሲዮኑም ሁልጊዜ በጥቂቱ እንደ ተረገጠ ሆኖ ደኅናውን ሸራ ያቃጥላል። ነጂዎችም ዳገት ላይ መኪናውን በግማሽ ፍሪሲዮን አንጠልጥለው ከማቆየት ይልቅ የእጅ ፍሬን ቢይዙ፣ ሲነዱም ግራ እግራቸውን በፔዳሉ ላይ ባያሳርፉ ዕድሜውን ያረዝሙለታል።

ይህን ጽሑፍ ሳንፈጽም ከገንዘብ የሚበልጡ ሁለት ነገሮች እንናገራለን። አንደኛው፣ በአንዳንድ አሮጌ መኪኖች ፍሪሲዮንና ፍሬን ከአንድ ቋት ይጠጣሉ። እንዲህ ባለ መኪና ላይ የፍሪሲዮኑ መፍሰስ የፍሬኑን ዘይት ጭምር ዝቅ ያደርገዋል። ስለዚህ ቋቱ አንድ መሆኑንና አለመሆኑን እያንዳንዱ ባለ መኪና ዛሬውኑ ከፍቶ ይመልከት፤ አንድ ከሆነና ዘይቱ የሚጎድል ከሆነ ጭነትም ሰውም ይዞ ከቡሌ ቁልቁል አይውረድ። በመንገድ ላይ ፍሪሲዮን የከዳው ነጂ መኪናውን ከመንገዱ ዳር አውጥቶ ምልክት ያቁም፤ ማርሽ አስገብቶ በሞተር ማስነሻ እየገፉ በገበያ ሕዝብ መካከል መሄድ በሰው ነፍስ መጫወት ነው።

ሁለተኛው ለእናቶችና ለአባቶች ነው። የፍሬን ዘይት ለጠጣው ሰው መርዝ ነው፤ የመኪና ቀለምም ይልጣል። የተረፈውን ዘይት በባዶ የውሃ ወይም የለስላሳ ጠርሙስ ቀድቶ በቤት ማስቀመጥ ብዙ ቦታ የተለመደ ነው፤ ጥማት የያዘው ሕፃን ግን የጠርሙሱን መልክ እንጂ የውስጡን አያውቅም። ዘይቱ በራሱ ዕቃ ተከድኖ፣ ልጅ በማይደርስበት ስፍራ ይቀመጥ። እጅም በሳሙና ሳይታጠቡ እንጀራ አይቆረስ።

እንግዲህ የነገሩ ማጠቃለያ ይህ ነው። የጎደለ ዘይት የፈሰሰ ዘይት ነው፤ የፈሰሰበት ቦታ በዓይን ይገኛል፤ ካምቢዮ ይውረድ አይውረድ የሚለውን ደግሞ የአንዲት ዘንግ እንቅስቃሴ ይፈርዳል። ለዚህ ሁሉ የሚያስፈልገው አንድ የእጅ ባትሪ፣ አንድ ረዳትና ግማሽ ሰዓት ትዕግሥት ነው። የለቀማው ወራት ሳይደርስ፣ መኪናው በደጅ ቆሞ ሳለ ይህን የሚያደርግ ቤተ ሰብ ቡናው በጆንያ ተጭኖ፣ ገበሬውም ዓይኑን መንገድ ላይ ተክሎ በሚጠብቅበት ቀን አያፍርም።